ያሳደግሁት ፊት

ጨዋታ ሲያዩ «የልጅ ሥራ» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ቢውል ማንም ምንም አይለውም፤ እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ ተራራ ስወጣ ከተገኘሁ «ደግሰው አበደ» ይባላል። ሱቄ ሰቆጣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው። ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ጉርዱን ቆርጬ፣ ጀርባውን አጥቁሬ፣ አሳድጌ ለለቅሶው በፍሬም አወጣለሁ። በዚህ በመጨረሻው ሥራዬ የተነሣ ጎረቤቴ የትናየት፣ ሻይ ቤት ያላት፣ ለደንበኞቿ የምትለው ነገር አለ። «ደግሰው ካሳደገህ አለቀልህ» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ሥራ ሲቀዘቅዝ የምጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። የድሮ ነው፤ ተማሪ ሳለን ከአብሮ አደጌ ከምሳው ጋር የጀመርነው። ስሙ ረጅም እንግሊዝኛ ስለነበር እኛ «ተራራው» አልነው። አንድ መንገደኛ ትሆናለህ፣ ጎራዴ ታጥቀህ አገር ለአገር ትዞራለህ፣ ያገኘህ ሁሉ ለመልእክት ይልክሃል፣ ጫካ ውስጥ ሽፍታ ይጠብቅሃል፣ እየዋልህ እያደርህ ትጠነክራለህ። ከምሳው ጋር አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ግማሽ ቁጭ ብለን፣ እሱ ማውሱን እኔ ኪቦርዱን ይዘን ነበር የምንጫወተው። ቆላውን አበርገሌ፣ ደጋውን አምደወርቅ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ሽፍቶቹን በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ይሰድባቸዋል። «አይሰሙህም እኮ» ስለው «እናታቸው ትሰማለች» ይለኛል።

ምሳው ከጦርነቱ በኋላ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጣ። የመን ሲገባ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁም ጠፋ፣ በስልክ የምንጻጻፍበት ኢሞውም ጸጥ አለ። እናቱ እትዬ ባንቺ በየገበያው ቀን ዘንቢላቸውን ይዘው ሱቄ ይመጣሉ።

«ዛሬስ?» ይሉኛል።

ኢሞውን ከፍቼ አያለሁ። «የለም፣ እትዬ።»

«ይሁን። ለሳምንት» ብለው ይሄዳሉ።

ከኋላቸው ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ቁርጥ ያጠግባል፤ ቁርጧን ዐውቃ ብታለቅስ ይሻላት ነበር» ይላል። እርሳቸው ግን ጥቁር አልለበሱም፣ ደጃቸው ላይም ድንኳን አልተተከለም። «ሬሳውን አላየሁ፣ መርዶ አልሰማሁ፤ በምን አፌ ነው የማለቅሰው?» ይላሉ። እኔ በዚህ ልባቸው እኮራ ነበር።

ዘንድሮ የኮምፒውተር ሥዕል የሚያጠራ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከኮምቦልቻ አስመጣሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ለባነር ሥራ ነው አልሁ፤ ለተራራው ነበር። ለድሮ ጨዋታዎች ሰው በየአገሩ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሞድ የሚባል ነገር አለ። ጨዋታ ውስጥ ድንጋዩም፣ ሣሩም፣ የሰው ቆዳውም ቅርጹ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው፤ የደበዘዘውን አውጥተህ ጥርት ያለውን ትተካለህ፣ አሮጌው ጨዋታ ዘንድሮ የወጣ ይመስላል። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር አንድ በአንድ አወረድሁ። ሰማዩን ለወጥሁ፣ ውኃውን ለወጥሁ። የሞዶቹን ቅደም ተከተል ስሳሳት ሜዳው በሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እያወጣሁ እያስገባሁ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልሁ። ሲስተካከል ደግሞ የቤቶቹ ድንጋይ አልጥም አለኝ፤ የፈረንጅ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም አንድ ልክ። ስልኬን ይዤ ወጣሁና የኛን ሰፈር የድንጋይ ቤቶችና ካቦች ፎቶ አንሥቼ ለጠፍሁባቸው። ልክ መጣ። የትናየት ሻይ ልታደርስ ገብታ አየችውና «አንተ፣ ይሄ የነእትዬ ባንቺ አጥር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኘኝ። ድሮ ሩቁን ጉም ይሸፍነው ስለነበር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ዘመን የሚፈጅ መንገድ ይመስለን ነበር። አዲሱ ሞድ ጉሙን ገፈፈው። ለካስ አገሩ ተጠቃሎ ከአንድ ኮረብታ ላይ የሚታይ ነበር። ምሳውና እኔ ያን ሁሉ ስንጓዝ የዋልነው እዚያችው ላይ ነው። ጉሙን ልመልሰው አሰብሁና ተውሁት።

ምሳው ያኔ «ጠንካራ ኮምፒውተር ሲኖረን ራሳችንን እናስገባለን» ይል ነበር። ይህ ትዝ ብሎኝ ነው እሳቱን የጫርሁት። ጉርድ ፎቶው እኔው ዘንድ አለ፤ ለመታወቂያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከፎቶው ፊቱን ወስጄ ለአንድ መንገደኛ ሰጠሁትና ሞከርሁት፤ ጉንጩ ጠመም ብሎ መጣ። እንደገና ከመጀመሪያው ልሥራው ብዬ ፊቱን ቆረጥሁ፣ ዙሪያውን አጠቆርሁ፣ ዓይኑንና አፉን በቅርበት ለማስተካከል ስክሪኑን እስኪሞላ አሳደግሁት። የገበያ ቀን መሆኑን ጭራሽ ረስቻለሁ። መሀል ላይ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ሁሉን እንዳለ ትቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ እትዬ ባንቺ ስክሪኑ ፊት ቆመዋል።

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው የልጃቸውን ፊት ያያሉ። እኔ ሱቅ ውስጥ በጥቁር ላይ የሚያድግ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ሰቆጣ ላይ የማያውቅ የለም።

«እትዬ፣ እንዳያስቡ» አልሁ። «ምሳው ምንም አልሆነም። ይሄ ለጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ውስጥ ላስገባው ብዬ ነው ያሳደግሁት።»

ዞር ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ይልቅ ለእኔ ያዘኑ ነበር የሚመስሉት። «ተው ደጉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጅ ነህ። ይህን ብቻህን ተሸከም ብሎ ማን ፈረደብህ?»

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል። «ትንሽ አሞት ነው» ይባላል፣ «ምንም አልሆነም» ይባላል፤ ሽማግሌ ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዶ እስኪያረዳ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል፤ አለመዋሸት ነው ነውሩ። «ምንም አልሆነም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት የለችም። እኔ ደግሞ ያንኑ ቃል ደጋግሜ አልሁት። «እውነቴን ነው እትዬ፣ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» እያልሁ በማልሁ ቁጥር ፊታቸው ሲጠቁር አያለሁ።

ነጠላቸውን ፈትተው አዘቅዝቀው ለበሱ። ዘንቢሉን ትተውት ወጡ። የትናየት ደጃፍ ሲደርሱ ጮኹ። በኽምጣንጋ ነው የጮኹት፤ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብርጭቆውን እያስቀመጠ ተነሣ።

ከሰዓት በኋላ የምሳው አባት አያ ምንዋጋው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

«ከማን ሰማህ?» አለኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«ከማንም አልሰማሁም። ጨዋታ ነበር፣ አባቴ።»

«የምን ጨዋታ? በሰው ልጅ ሞት ይጫወቷል?»

አያ ምንዋጋው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። «አታስጨንቁት። ያስማለው ሰው ይኖራል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። «ደጉ፣ የነገረህን ሰው ስም አልጠይቅህም። አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ። አፈር ለብሷል?»

ኮምፒውተሩን አብርቼ ላሳያቸው እችል ነበር። ምን ላሳይ? አባቱ የተቀበረ ያልተቀበረ መሆኑን የሚጠይቅለትን ልጅ ጎራዴ አስታጥቄ ስክሪን ላይ ላስሩጠው? አፈርሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ አፈርሁ። አንገቴን ደፋሁ፤ እርሳቸውም መልስ አደረጉት።

«ተመስገን» አሉ። «ሜዳ ላይ አልቀረም።»

ሊወጡ ሲሉ ያው ሽማግሌ «እንግዲህ የጀመርኸውን ፎቶ ጨርሰህ አድርስልን» አለኝ። ጨርሼ አደረስሁ። ጉንጩን አቅንቼ፣ ዓይኑን አጥርቼ፣ በፍሬም አድርጌ ራሴ ተሸክሜ ወሰድሁት። ከሁሉም ከሁሉም ይህ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ። የፊተኛው ስሕተት ነው ይባል፤ ይህን ግን አውቄ ሠራሁት።

ዘመድ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ በእግሩ መጣ። ለቀስተኛው ፎቶውን እየተቀባበለ ደረቱን ይደቃል። ራሳቸውን የተላጩት አያ ምንዋጋው እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው «አብሮ አደጉ ነው» ይላሉ፤ የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል፣ አሜን እላለሁ። እዝኑ ሲቀርብ አልጎረስሁም። የትናየት ውኃ አቀበለችኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ወስጃት «እኔ ምንም የሰማሁት ነገር የለም፤ ያልሞተ ይሆናል» አልኋት።

ትከሻዬን ያዘችኝ። «አንተ እንኳ መቀበል አቃተህ አይደል?» አለችኝ፤ ዕንባዋ መጣ። «ስቀልድብህ ኖርሁ። ለካስ አንጀት አለህ።»

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልሞከርሁም።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሱቄን ከፍቼ ተራራውን አበራሁ፤ ያን ጠማማ ፊት ላወጣው ነበር። ጨዋታው ካቆምሁበት፣ ከጫካው መንገድ ጀመረ። ፊቱን የሰጠሁት ለአንድ መንገደኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ በድሮ ጨዋታ አንድ ፊት ለብዙ ሰው ነው የሚያገለግለው፤ ሥዕሉን ስትለውጥ የሁሉም ይለወጣል። ከዛፉ ሥር አንድ ሽፍታ ብቅ አለ፤ ምሳው ነው። ከኋላው ሌላ ወጣ፤ እሱም ምሳው። ሦስተኛው ከካቡ ላይ ዘለለ፤ ያንኑ ጉንጩን አጣሞ። ጎራዴያቸውን መዝዘው መጡብኝ። እንደ ወትሮው መምቻዋ ቁልፍ ላይ ጣቴን አድርጌአለሁ፤ አልጫን አለኝ። ገደሉኝ። ጨዋታው ወደ መንገዱ መለሰኝ፣ እንደገና መጡ፣ እንደገና ገደሉኝ። ያኔ ሥዕሉን አጠፋሁት። ሽፍቶቹ የቀድሞ ፊታቸውን አገኙ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቤቴ ሄድሁ።

ሰው ሲያየኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ የመርዶ ደባቂ ክብር መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ የአርባው ተዝካር ደረሰ። በሕይወት ሊኖር በሚችል ሰው ላይ ፍትሐት ሊደረስ፣ ስሙ ከሙታን መካከል ሊጠራ ነው። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልሁም። አንድ ጧት ተነሥቼ ሄድሁ።

እትዬ ባንቺ ደጃቸው ላይ ለተዝካሩ ጠላ ብቅል ያሰጣሉ። ጥቁር ለብሰዋል። ፊታቸውን ሳይ ደነገጥሁ፤ የከሱ መስሎኝ ነበር፣ እርሳቸው ግን ዓይናቸው ጠርቷል፣ ጉንጫቸው ደም መልሷል።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «ቆመህ የምትጨርሰው ነገር አይመስልም።»

ካቡ ላይ ተቀመጥሁ። ፎቶ ያነሣሁት ካብ ነው። «እትዬ፣ ያን ቀን የነገርሁዎት እውነት ነበር። ልደብቅዎት አልነበረም። ከየመንም ከሳዑዲም የሰማሁት ነገር የለም። ፎቶውን ያሳደግሁት ለጨዋታ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ፊት ይሰጣቸዋል፣ የምሳውን ፊት ልሰጥ ብዬ ነው። በሽማግሌዎቹ ፊት አፈርሁና ዝም አልሁ።»

ብቅሉን መበተን አላቆሙም። «ማንም አልነገረህም?»

«ማንም።»

«መሞቱን አታውቅም።»

«አላውቅም። መኖሩንም አላውቅም።»

እጃቸው ብቅሉ ላይ ቀረ። ዶሮ መጥታ ካሰጡት ስትለቅም እንኳ እሽ አላሉም።

«ዛሬ ለምን መጣህ?» አሉኝ።

«ተዝካር ሊወጣለት ነው፤ ኃጢአት ነው ብዬ። እርስዎም እውነቱን እንዲያውቁ።»

«እውነቱን?» ቀና ብለው አዩኝ፤ ይህን ጊዜ ተቆጥተው ነበር። «አላውቅም ነው ያልኸኝ እኮ። አላውቅም ብሎ እውነት አለ እንዴ?»

ዶሮዋን እሽ ብዬ አባረርኋት።

«ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር» አሉ። «በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ። ወጥ ስሠራ ድርሻውን አስቀራለሁ፣ ሲበላሽ ለውሻ እሰጣለሁ። ያን ቀን ጮኽሁ፤ ሆዴ እስኪደርቅ አለቀስሁ። ለቀስተኛው ሲሸኝ ወደቅሁና ተኛሁ፣ ደጉ። እንደ ሰው ተኛሁ። ከእንግዲህ አይራብም፣ አይጠማም፣ ማንም አይደበድበውም ብዬ ተኛሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ራቱን በልቶ ይሆን እያልሁ ላድር ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ይቅር ብልህ ለማን ይጠቅማል?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጠይቀውኝ ነበር።

ተነሣሁ። «ለአያ ምንዋጋው ሄጄ ልንገራቸው» አልሁ።

እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ብቅል ብቅል ይላል። «እንዳትሞክረው። እሱ አልቅሶ ወጥቶለታል። እህል መቅመስ ጀምሯል፣ ወደ እርሻው ወርዷል። አንዳችን እንኳ እንረፍ። ጠላው ይጠመቃል፣ ድሀው ይበላል፣ ይጠጣል። ፈጣሪ ስሙን በየትኛው በኩል እንደሚጽፈው እሱ ያውቃል።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ አልቅሶልኛል። ምን ብዬ ነው እንባህን መልሼልሃለሁ የምለው?»

ተዝካሩ ወጣ። ቄሱ ስሙን ሲጠሩ እትዬ ባንቺን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ የሌላ ነገር ጸሎት ይዘው ነበር። አያ ምንዋጋው ጠላ ቀዱልኝ። «አንተ ባትኖር እስከ ዛሬ ደጅ ደጁን እያየን ነበር» አሉና ራሴን ዳበሱኝ። ጠጣሁት። እስከ ዛሬ ሳገኛቸው መንገድ እቀይራለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ከሱቄ ደጃፍ የትናየት ድምፅ ተሰማኝ። «እትዬ ባንቺ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ትላለች።

«አሜን፣ ልጄ። አንቺንም አይንካብኝ።»

እንደ ድሮው ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት። ፊታቸው ያ የድሮው ሆኗል፤ ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ስክሪኑ ላይ የአንድ ተማሪ ጉርድ ነበር፣ ቶሎ አጠፋሁት። ዘንቢሉን መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ድረስ መጡ፤ የትናየት እንዳትሰማም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬስ?» አሉኝ።